የዓሣ ሕዋስ እንዳይጎዳ፦ ቫይታሚን ሲ እና ቫይታሚን ኢ በኩሬ ዓሣ አመጋገብ

ለዓሣ አርቢ አርሶ አደሮችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

1. መግቢያ

ውድ አርሶ አደር፣ ዓሣ ማርባት የጀመረ ሰው በብዛት የሚጠይቀው "በቀን ስንት ጊዜ ልመግብ? ምን ያህል ልስጥ?" የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእሱ እኩል ሊጠየቅ የሚገባው "የምሰጠው መኖ ውስጥ ምን አለ?" የሚለው ነው። ሆዱ የሞላ ዓሣ ሁሉ በሚገባ የተመገበ ዓሣ አይደለም። ፕሮቲኑና ኃይል ሰጪው በቂ ሆኖ ጥቂት ሚሊግራም ቫይታሚን በመጉደሉ ብቻ ጫጩቶች አከርካሪያቸው የሚጎብጥበት፣ ቁስላቸው የማይድንበት፣ በመረብ ተይዘው ሲጓጓዙ በብዛት የሚሞቱበት ሁኔታ አለ።

ይህ ሲያጋጥም ብዙ አርቢ "በሽታ ገባ" ብሎ ወደ መድኃኒት ይሮጣል። መድኃኒቱ ገንዘብ ያስወጣል፤ የጎደለውን ቫይታሚን ግን አይተካም። ስለሆነም ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ እንዲያውቁና በእጅዎ ባለው አቅም አስቀድመው እንዲከላከሉ ነው።

ከዚህ ትምህርት በኋላ እርስዎ፦
• በዓሣ ሕዋስ ውስጥ የሚደርሰው የኦክሲጅን ጉዳት ምን እንደሆነ በራስዎ አባባል ማስረዳት ይችላሉ፤
• ቫይታሚን ሲ እና ቫይታሚን ኢ ምን እንደሚሠሩ ይለያሉ፤
• የእጥረት ምልክቶችን ከሌሎች ችግሮች ለይተው ያያሉ፤
• መኖን ቫይታሚኑ ሳይጠፋ ማዘጋጀት፣ ማደባለቅና ማስቀመጥ ይችላሉ።

ምሳሌዎቻችን በአገራችን በኩሬ በብዛት በሚረባው በቆሮሶ ላይ ያተኩራሉ። አብዛኛው ነገር ለአምባዛም ይሠራል።

2. ኦክሲጅን የሚያኖር፣ ኦክሲጅን የሚጎዳ

ዓሣ በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን በስንጥቡ ይወስዳል። ኦክሲጅኑ በደም ተሸክሞ ወደ እያንዳንዱ ሕዋስ ይደርሳል። ሕዋስ ማለት የማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ትንሿ የአካል ክፍል ናት። ሕዋሷ የበላችውን ምግብ በኦክሲጅን "አቃጥላ" ኃይል ታወጣለች። ዓሣው የሚዋኘው፣ የሚያድገውና እንቁላል የሚጥለው በዚህ ኃይል ነው።

ምድጃ ላይ እንጨት ሲነድ ወጥ ይበስላል፤ አልፎ አልፎ ግን ፍንጣሪ ተፈናጥሮ ልብስ ያቃጥላል። በሕዋስ ውስጥም እንዲሁ ነው። ከሚገባው ኦክሲጅን ጥቂቱ ሥራውን በትክክል ሳይጨርስ ወደ ጎጂ ቅንጣትነት ይለወጣል። እነዚህ ቅንጣቶች ፍሪ ራዲካል ይባላሉ። ያገኙትን ሁሉ ይነካሉ፤ የሕዋሱን ስስ ሽፋን፣ ፕሮቲኑን፣ የዘር መረጃ የተጻፈበትን ክፍል ጭምር። አንዱ የስብ ቅንጣት ሲጎዳ ጎረቤቱን ይጎዳል፤ ጉዳቱ እንደ ሰደድ እሳት ይያያዛል።

ጤናማ ዓሣ ፍንጣሪውን የሚያጠፋ የራሱ መከላከያ አለው። ችግር የሚፈጠረው ፍንጣሪው ከመከላከያው ሲበልጥ ነው። ይህ ሁኔታ የኦክሲዴሽን ጫና ይባላል።

ይህን ነገር እርስዎ በጓዳዎ ያውቁታል። ለጋ ቅቤ አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ሽታውና ጣዕሙ ይለወጣል። ስቡ ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ተበላሽቷል ማለት ነው። ኮሰረትና ኮረሪማ ገብቶበት የተነጠረ ቅቤ ግን ረዥም ጊዜ ይቆያል። አንደኛው ምክንያት ውኃው በመውጣቱ ነው፤ ሁለተኛው ቅመሞቹ ስብ ከኦክሲጅን ጋር እንዳይዋሃድ የሚከላከሉ ነገሮች ስለያዙ ነው። እንዲህ ያሉ ተከላካዮች ፀረ ኦክሲዳንት ይባላሉ። ቫይታሚን ኢ እና ቫይታሚን ሲ በዓሣው አካል ውስጥ የሚሠሩት ይህንኑ ሥራ ነው።

3. ዓሣ ከሌሎች እንስሳት ይልቅ ለምን ይጋለጣል?

አንደኛ፣ የሕዋስ ሽፋኑ የተሠራበት ስብ ለስላሳ ነው። ዓሣ የሰውነት ሙቀቱ እንደ ውኃው ሙቀት የሚለዋወጥ እንስሳ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሽፋኑ እንደ ሞራ እንዳይረጋ፣ እንደ ዘይት የማይረጋ ስብ ያስፈልገዋል። ይህ ዓይነቱ ስብ ግን ከኦክሲጅን ጋር በቀላሉ ይዋሃዳል። የበሬ ሞራ ሳይበላሽ ለመቆየት ያለውን አቅምና የዓሣ ዘይት በምን ፍጥነት እንደሚሸት ቢያነጻጽሩ ልዩነቱ ይገባዎታል።

ሁለተኛ፣ ቫይታሚን ሲን ራሱ መሥራት አይችልም። ላም፣ በግ፣ ፍየልና ዶሮ ቫይታሚን ሲን በሰውነታቸው ውስጥ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ለከብትዎ ቫይታሚን ሲ ገዝተው አያውቁም። ቆሮሶና አምባዛን ጨምሮ አብዛኞቹ አጥንታማ ዓሦች ግን የመጨረሻውን የሥራ ደረጃ የሚፈጽመው ኢንዛይም የላቸውም። በዚህ ረገድ ዓሣ ከእኛ ከሰዎች ጋር ይመሳሰላል፤ ከምግብ ካላገኘ የለውም። ቫይታሚን ኢን ደግሞ የሚሠሩት ዕፅዋት ናቸው፤ እንስሳት ሁሉ የሚያገኙት ከምግብ ነው።

ሦስተኛ፣ ዓሣ ከሚኖርበት ውኃ ሊሸሽ አይችልም። በሬ ፀሐይ ሲበረታበት ጥላ ይፈልጋል። የኩሬ ዓሣ ውኃው ሲቀዘቅዝ፣ ኦክሲጅን ሲያጥር፣ መርዝ ሲገባ እዚያው ሆኖ ይቀበላል።

4. ተከላካዮቹ እነማን ናቸው?

ቫይታሚን ኢ፦ በስብ የሚሟሟ ነው። ቦታው በሕዋሱ ሽፋን ውስጥ ነው። የስብ ሰንሰለት እንደ ሰደድ እሳት መያያዝ ሲጀምር መሐል ገብቶ ያቋርጠዋል። ይህን ሲያደርግ ግን ራሱ ይጎዳል።

ቫይታሚን ሲ፦ በውኃ የሚሟሟ ነው። ቦታው በደሙና በሕዋሱ ፈሳሽ ክፍል ነው። ጎጂ ቅንጣቶችን ያጠፋል፤ በተጨማሪም የተጎዳውን ቫይታሚን ኢ መልሶ ለሥራ ያበቃዋል። ስለዚህ ሁለቱ እንደ ተጠማጅ በሬ ናቸው። አንዱ ከጎደለ የሌላውም ጉልበት ይቀንሳል። ከዚህ ሌላ ቫይታሚን ሲ አጥንት፣ ቆዳና የደም ሥር የሚያያዙበትን ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ለመሥራት የግድ ያስፈልጋል። ቫይታሚን ሲ ሲጎድል አከርካሪ የሚጎብጠውና ቁስል የማይድነው ለዚህ ነው።

የሰውነቱ ኢንዛይሞች፦ ዓሣው ራሱ የሚሠራቸው ተከላካዮችም አሉ። እነዚህ ለመሥራት ዚንክ፣ መዳብ፣ ማንጋኒዝና ሴሊኒየም የሚባሉ ማዕድናት ይፈልጋሉ። መጠናቸው እጅግ ትንሽ ነው። ጥሩ የማዕድንና የቫይታሚን ቅይጥ ገዝተው ከተጠቀሙ በውስጡ ይገኛሉ። ለብቻቸው ገዝተው በግምት አይጨምሩ፤ በተለይ ሴሊኒየም ትንሽ ሲበዛ መርዝ ነው።

5. በኩሬ ውስጥ ጫናውን የሚያበዙ ነገሮች

5.1 የኦክሲጅን መዋዠቅ

ውኃው በጣም አረንጓዴ በሆነ ኩሬ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ኦክሲጅን ይትረፈረፋል፤ ሌሊት ግን አረንጓዴው ነገር ራሱ ኦክሲጅን ስለሚወስድ ንጋት ላይ ዓሣው ይታፈናል። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ኦክሲጅኑ በድንገት ይመለሳል። ሕዋስን በእጅጉ የሚጎዳው ታፍኖ ከቆየ በኋላ ይህ ድንገተኛ መመለስ ነው።

ከፍታችንም ይጨመርበታል። በባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውኃ በሊትር ወደ 8.3 ሚሊግራም ኦክሲጅን ሊይዝ ይችላል። እንደ ጣና ዙሪያ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ግን ያው ውኃ የሚይዘው ወደ 6.6 ሚሊግራም ብቻ ነው። በመሆኑም በቆላማ አገር ለተጻፈ መመሪያ የሚበቃው የዓሣ ብዛት ለእርስዎ ኩሬ ሊበዛ ይችላል።

5.2 የሙቀት መለዋወጥ

ቆሮሶ የሚመቸው ውኃ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላቱ ይቀንሳል። በደጋና በወይና ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች ጥልቀት የሌለው ኩሬ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ ቀን ደግሞ ይሞቃል። ይህ መመላለስ ጫና ነው።

5.3 መጨናነቅ፣ መረብ መጎተትና ማጓጓዝ

ዓሣው ሲፈራና ሲታገል የኦክሲጅን ፍጆታው ይጨምራል፤ ፍንጣሪውም አብሮ ይበዛል። ቅርፊቱ ሲላቀቅ ደግሞ ቁስል ይፈጠራል፤ ቁስሉን ለማዳን ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋል።

5.4 የተራረፈ መኖና አሞኒያ

ሳይበላ የቀረ መኖ ኩሬው ወለል ላይ በስብሶ አሞኒያ ይፈጥራል። አሞኒያ ስንጥቡን ይጎዳል።

5.5 የፀረ ተባይ መርዝ

ከማሳ በጎርፍ የሚመጣ መርዝ ወይም ኩሬ አጠገብ የታጠበ መርጫ፣ ዓሣውን በአንዴ ባይገድል እንኳ የሕዋሱን መከላከያ ያዳክማል። መርጫን በኩሬ ወይም በኩሬ ቦይ አጠገብ ፈጽሞ አይጠቡ።

5.6 የተበላሸ ስብ ያለው መኖ

ይህ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ፣ ነገር ግን በእጃችን ያለ ትልቅ ምክንያት ስለሆነ በክፍል 8 ለብቻው እናየዋለን።

6. ምልክቶቹን መለየት

የቫይታሚን ሲ እጥረት ምልክቶች፦
• አከርካሪ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ መጉበጥ፣ በተለይ በጫጩቶች ላይ፤
• የስንጥብ ክዳን ማጠርና ስንጥቡ ተገልጦ መታየት፤
• በክንፍ ሥርና በቆዳ ላይ ደም መቋጠር፤
• በመረብ የተላጠ ቦታ በቶሎ አለመዳን፤
• የዕድገት መጓተትና የእንቁላል መፈልፈል መቀነስ።

የቫይታሚን ኢ እጥረት ምልክቶች፦
• የጡንቻ መሟሸሽ፤ ዓሣው ራሱ ትልቅ ሆኖ ጀርባው ይቀጥናል፤
• የስንጥብ መገርጣት፣ ማለትም የደም ማነስ፤
• ሲታረድ ጉበቱ በስብ ተሞልቶ ወይም ቢጫ ቡናማ ሆኖ መታየት፤
• በሆድ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም፤
• የወላድ ዓሦች ምርታማነት መቀነስ።

እነዚህ ምልክቶች ከሌላም ምክንያት ሊመጡ ይችላሉ። ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ብቻ ቢጎብጥ ከዘር ወይም እንቁላል በነበረበት ወቅት ከደረሰበት ጉዳት ሊሆን ይችላል። በርካታ ዓሦች በአንድ ወቅት ከጎበጡ፣ መኖው ካረጀና ውኃው ንጹሕ ሆኖ የተፈጥሮ ምግብ ከሌለው ግን ቫይታሚን ሲን ይጠርጥሩ። ንጋት ላይ ብቻ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱ ዓሦች ችግራቸው የኦክሲጅን ማነስ ነው፤ ቫይታሚን አይደለም። በሰውነት ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ካዩ ደግሞ ፈንገስ ነውና ባለሙያ ያማክሩ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የጎበጠ አጥንት ቫይታሚን ቢሰጥም አይቃናም። ያ ዓሣ ለቤት ምግብ ሊውል ይችላል፤ ገበያ ላይ ግን ዋጋው ይወድቃል። የሚድኑት ገና ያልጎበጡት ናቸው። ስለሆነም አስቀድሞ መከላከል እንጂ በኋላ ማከም ትርፍ የለውም።

7. የእርስዎ ዓሣ ተጨማሪ ቫይታሚን ያስፈልገዋል?

ለሁሉም አርቢ አንድ መልስ የለም። ለምሳሌ ሁለት ጎረቤት አርቢዎችን እናስብ። የመጀመሪያው በአፈር ኩሬ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ሁለት ቆሮሶ ይዞ፣ ውኃውን በፍግ ያለማል። ዓሦቹ ቀኑን ሙሉ ከውኃው አረንጓዴ ዋቅላሚና ጥቃቅን ነፍሳት ይለቅማሉ። እነዚህ የተፈጥሮ ምግቦች ሁለቱንም ቫይታሚኖች ይይዛሉ። ሁለተኛው በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ብዙ ዓሣ አጭቆ ንጹሕ ውኃ እያፈሰሰ ፍሩሽካና ፋጉሎ ብቻ ይሰጣል። የእሱ ዓሦች ከሚሰጣቸው መኖ ሌላ የሚለቅሙት የለም። ሁለቱ አርቢዎች አንድ ዓይነት መኖ ቢሰጡ የሚጎዳው ሁለተኛው ነው።

ስለሆነም፦
• በፍግ በለማ የአፈር ኩሬ፣ ዓሣው ሳይበዛ ከተረባ፣ የተፈጥሮ ምግቡን መጠበቅ ቀዳሚው ሥራ ነው። ክንድዎን እስከ ክርንዎ ውኃ ውስጥ ያስገቡ። መዳፍዎ ለመጥፋት ሲቃረብ ክርንዎ ላይ ከደረሱ፣ ማለትም ወደ 30 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ልማቱ ጥሩ ነው። እስከ ታች ጥርት ብሎ ከታየ የተፈጥሮ ምግብ የለም። እጅዎ ገና ከመግባቱ ከጠፋ ልማቱ በዝቷል፤ የኦክሲጅን መዋዠቅ ይመጣል፤ ፍግ መጨመር ያቁሙ።
• በገንዳ፣ በሸራ በተነጠፈ ኩሬ፣ በሐይቅ ውስጥ በተዘረጋ የመረብ ቤት፣ እንዲሁም ብዙ ዓሣ በያዘ ኩሬ ለሚያረቡ፣ ቫይታሚን የተሟላበት መኖ የግድ ነው።
• ለጫጩቶችና ለወላድ ዓሦች በየትኛውም ዓይነት ኩሬ ቢሆን ቅድሚያ ይስጡ።

8. ከአካባቢያችን መኖ ምን እናገኛለን? ምን እናጣለን?

የኑግ ፋጉሎ፦ ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ ነው። ሆኖም በመጭመቂያ የወጣ ፋጉሎ ውስጥ ዘይት ይቀራል። የኑግ ዘይት ደግሞ ከኦክሲጅን ጋር በቀላሉ የሚዋሃድ ለስላሳ ስብ የበዛበት ነው። ለወራት በሞቃት መጋዘን የቆየ ፋጉሎ ሽታው ይከረፋል። እንዲህ ያለ መኖ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ በውስጡ የነበረውን ቫይታሚን ኢ አስቀድሞ ያጠፋል፤ ከዚያም ዓሣው ሲበላው የተበላሸው ስብ በሰውነቱ ያለውን ቫይታሚን ይጨርሳል። ስለዚህ ፋጉሎን ለስድስት ወር በአንዴ ከመግዛት በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ትኩሱን መግዛት ይመረጣል። ሲገዙ በመዳፍዎ አሽተው ያሽቱት፤ የቆየ ቅቤ ወይም የቀለም ሽታ ካለው አይግዙ። የሻገተውንማ በፍጹም አይስጡ፤ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚያጠፋ መርዝ ያመነጫል፤ በፀሐይ ማድረቅም ሆነ መቀቀል አያስወግደውም።

የዓሣ ተረፈ ምርት፦ ዓሣ ከሚገፈፍበት ቦታ የሚገኝ ራስ፣ አጥንትና ሆድ ዕቃ አድርቀው የሚፈጩ አርቢዎች አሉ። በተለይ ለአምባዛ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የዓሣ ዘይት ከሁሉ ቀድሞ የሚበላሽ ስብ ነው። ሆድ ዕቃውንና ጮማውን ለይተው ያውጡ፤ ቀቅለው ጨምቀው ያድርቁ፤ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ አያከማቹ።

ፍሩሽካ፦ ጥቂት ቫይታሚን ኢ ይይዛል። ቫይታሚን ሲ ግን የለውም። ፍሩሽካና ፋጉሎ ብቻ በመስጠት የዓሣን የቫይታሚን ሲ ፍላጎት ማሟላት አይቻልም።

ትኩስ ቅጠላ ቅጠል፦ ጎመን፣ ሽፈራው (ሞሪንጋ)፣ አልፋልፋ። ትኩሱ ቅጠል ሁለቱንም ቫይታሚኖች ይይዛል። በደቃቁ ከትፈው ለቆሮሶ መስጠት ይቻላል። ቅጠሉ በፀሐይ ሲደርቅ ቫይታሚን ሲ አብዛኛው ይጠፋል። ማድረቅ ካስፈለገ በጥላ፣ በስሱ አስጥተው፣ በፍጥነት ያድርቁ፤ ቢያንስ ቫይታሚን ኢ ይተርፋል። ሽፈራው በመኖው ውስጥ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፤ ሲበዛ ዕድገትን የሚገታ ነገር አለው። ያልተበላ ቅጠል በማግስቱ ከኩሬው ያውጡ።

9. መጠንና አደባለቅ

ለቆሮሶ 5 በመቶ ገደማ ስብ በያዘ መኖ፣ በአንድ ኪሎ መኖ ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ቫይታሚን ኢ ያስፈልጋል። የመኖው ስብ ሲጨምር የቫይታሚን ኢ ፍላጎትም ይጨምራል። ዘይት የበዛበት ፋጉሎ ወይም የዓሣ ተረፈ ምርት የሚጠቀሙ ከሆነ ይህን አይርሱ።

ሲገዙ የቫይታሚኖቹን ዓይነት ይጠይቁ፦
• ቫይታሚን ሲ በፎስፌት የተረጋጋው ይሁን። ተራው ቫይታሚን ሲ በሙቀት፣ በእርጥበትና በብርሃን ቶሎ ይጠፋል፤ መኖው ውኃ ላይ ሲወድቅም ወዲያው ይሟሟል።
• ቫይታሚን ኢ በአሲቴት መልክ የቀረበው ይሁን። ይህ መልክ በማከማቻ ውስጥ ይረጋል። ሆኖም ሥራውን የሚጀምረው በዓሣው ሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ስለሆነ መኖውን ራሱን ከመበላሸት አያድነውም። "ቫይታሚን ኢ ስላለበት አይበላሽም" ብለው መኖ አያከማቹ።

የስሌት ምሳሌ፦ ኩሬዎ 200 ካሬ ሜትር ነው፤ በካሬ ሜትር ሁለት ቆሮሶ አለ። ስለዚህ 400 ዓሣ አለዎት። ናሙና መዝነው የአንዱ አማካይ ክብደት 50 ግራም ሆነ። ጠቅላላ ክብደቱ 400 × 50 = 20,000 ግራም፣ ማለትም 20 ኪሎ ነው። በቀን የክብደቱን 3 በመቶ ቢመግቡ 600 ግራም ይሆናል። ለ14 ቀን 8.4 ኪሎ መኖ ያስፈልጋል። የገዙት የቫይታሚን ቅይጥ መለያው ላይ "ለአንድ ኪሎ መኖ 5 ግራም" ቢል፣ 8.4 × 5 = 42 ግራም ያስገባሉ ማለት ነው። መለያው ሌላ መጠን ካለው በዚያው ያስሉ። ዓሣው ስለሚያድግ በየሁለት ሳምንቱ ናሙና እየመዘኑ እንደገና ያስሉ።

42 ግራም በ8.4 ኪሎ ውስጥ እኩል እንዲዳረስ ደረጃ በደረጃ መቀላቀል ያስፈልጋል፦
1ኛ. ቅይጡን ከግማሽ ኪሎ የማይበልጥ ደቃቅ ፍሩሽካ ጋር በደረቁ በደንብ ያዋህዱ።
2ኛ. ያንኑ ከአንድ ኪሎ ሌላ መኖ ጋር ያዋህዱ።
3ኛ. በእጥፍ እየጨመሩ እስከ መጨረሻው ይቀጥሉ።
4ኛ. መኖውን በፈላ ውኃ የሚያቦኩ ወይም የሚያበስሉ ከሆነ ቫይታሚኑን የሚጨምሩት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሙቀት ቫይታሚን ሲን ያጠፋል።
5ኛ. ሊጡን በሥጋ መፍጫ አሳልፈው እንደ ክር ከወጣ በኋላ በጥላ ያድርቁ። ፀሐይ ላይ አያስጡ።

ዝግጁ ጥራጥሬ መኖ ገዝተው ቫይታሚን መጨመር ከፈለጉ፣ ዱቄቱን በመኖው ላይ ነስንሰው በአንድ ኪሎ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ትኩስ የምግብ ዘይት ያልብሱት። ዘይቱ ቫይታሚኑ ውኃ ውስጥ እንዳይታጠብ ይረዳል። የለበሰውን መኖ በዚያው ቀን ይጨርሱ።

10. አከማመጥ

• መኖ ከመሬት በርብራብ እንጨት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።
• በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን በጣም የሚሞቅ ክፍል ለመኖ አይሆንም። ጥላና ነፋስ ያለው ይምረጡ።
• ከረጢቱን ከፍተው አይተዉት፤ ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ ይሰሩት።
• የገዙበትን ቀን በከረጢቱ ላይ ይጻፉ። ቫይታሚን የገባበትን መኖ ከሦስት ወር በላይ አያቆዩ። አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይውጣ።
• ቫይታሚኑን ከኬሚካልና ከፀረ ተባይ ጋር በአንድ ክፍል አያስቀምጡ።

11. ከማጓጓዝና ከመረብ በፊት

ቫይታሚን በሰውነት ውስጥ እስኪጠራቀም ጊዜ ይፈልጋል። ጫጩት በሚጓጓዝበት ጠዋት መስጠት ዋጋ የለውም። ከማጓጓዙ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ቫይታሚን ያልጎደለው ትኩስ መኖ ይስጡ። በመጨረሻው ቀን መኖ ያቁሙ፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሣ የሚጓዝበትን ውኃ አያቆሽሽም። መረብ የሚጎትቱት ጠዋት ውኃው ቀዝቀዝ ሲል፣ ሆኖም ዓሣው ንጋት ላይ ከነበረበት መታፈን ካገገመ በኋላ ይሁን። አዲሱ ኩሬ ሲደርሱ ፌስታሉን ሳይፈቱ ውኃው ላይ አንሳፈው ሙቀቱ እስኪስተካከል ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታትም ያንኑ መኖ ይቀጥሉ፤ የተላጠው ቆዳ የሚድነው በዚያን ጊዜ ነው።

ወላድ ዓሦችን ደግሞ እንቁላል ከመጣላቸው ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ በተለየ ጥንቃቄ ይመግቡ። ጫጩቱ መብላት እስኪጀምር የሚኖረው እናቱ በእንቁላሉ አስኳል ውስጥ ባስቀመጠችለት ስንቅ ነው።

በገበያም በኩል ጥቅም አለው። በቫይታሚን ኢ በሚገባ የተመገበ ዓሣ ሥጋው ውስጥ ተከላካይ ስላለ ከታረደ በኋላ ስቡ ቶሎ አይከረፋም። ይህ ግን ዓሣውን በበረዶ ማቆየትን አይተካም።

12. ማስጠንቀቂያ

• ቫይታሚን መድኃኒት አይደለም። በባክቴሪያ ወይም በጥገኛ ተውሳክ የታመመን ዓሣ ብቻውን አያድንም።
• ቫይታሚን መጥፎ ውኃን አያስተካክልም። ዓሣ ከመጠን በላይ በበዛበትና በቆሸሸ ኩሬ ውስጥ ቫይታሚን መጨመር እሳቱን ሳያጠፉ ፍንጣሪውን ብቻ እንደመከላከል ነው።
• ሲበዛ ይሻላል ማለት አይደለም። በተለይ ቫይታሚን ኢ በስብ ስለሚሟሟ በሰውነት ይከማቻል። የመለያውን መጠን ይከተሉ።
• ለሰው የተዘጋጁ እንክብሎችን ፈጭተው መኖ ላይ መነስነስ ውድ ነው፤ አብዛኛውም ውኃ ውስጥ ይቀራል። ዓሣ ላይ የሚሠራውን ዓይነት ይግዙ።
• ዓሦች በድንገት በብዛት ከሞቱ ቫይታሚን ከመጨመርዎ በፊት ለልማት ጣቢያ ሠራተኛዎ ወይም ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።

13. ማጠቃለያ

ዓሣ የሚኖርበት ኦክሲጅን ጎጂ ፍንጣሪም አለው። ቫይታሚን ኢ የሕዋሱን ሽፋን፣ ቫይታሚን ሲ የሕዋሱን ፈሳሽ ክፍል ይጠብቃሉ፤ አንዱ ሌላውን ያግዛል። ቆሮሶ ሁለቱንም መሥራት ስለማይችል ከውኃው ወይም ከእጅዎ ይጠብቃል። ስለዚህ በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ውኃውን ያስተካክሉ፤ ቀጥሎ የተበላሸ ስብ ያለውን መኖ ያስወግዱ፤ ከዚያ የተፈጥሮ ምግቡንና ትኩስ ቅጠሉን ይጠቀሙ፤ በመጨረሻ የሚጎድለውን በተመዘነ ቅይጥ ይሙሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብዙ ወጪ አይጠይቁም። አራተኛው ገንዘብ የሚጠይቅ ሲሆን ጥቅም የሚሰጠውም ሦስቱ ከተሟሉ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች (በቡድን)

1. ላም ቫይታሚን ሲ ሳይገዛላት ለምን አትጎዳም? ቆሮሶስ?
2. በእርስዎ ኩሬ በዚህ ወር ካሉት ጫናዎች ትልቁ የትኛው ነው? ለምን?
3. ከ300 ዓሦች ሁለቱ ጎብጠው ቢያገኙ ምን ያደርጋሉ? ሰማንያዎቹ ጎብጠው ቢያገኙስ?
4. 300 ዓሣ አለዎት፤ የአንዱ አማካይ ክብደት 80 ግራም ነው፤ በቀን 3 በመቶ ይመግባሉ። ለ14 ቀን ስንት ኪሎ መኖ ያስፈልጋል? መለያው "ለኪሎ 5 ግራም" ቢል ስንት ግራም ቅይጥ ይገባል? (መልስ፦ ወደ 10.1 ኪሎ መኖ፣ ወደ 50 ግራም ቅይጥ)

ተግባራዊ ሥራ

በሚቀጥለው የሥልጠና ቀን ሁላችሁም ቤታችሁ ካለው ፋጉሎ አንድ እፍኝ በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ የተገዛበትን ወር ጽፋችሁ ወደ አርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ አምጡ። ከአዲሱ እስከ አሮጌው ደርድረን በየተራ እናሸታለን። የትኛው ለኩሬ፣ የትኛው ለማዳበሪያ ጉድጓድ እንደሚሄድ የሚወስኑት ሠልጣኞቹ ራሳቸው ይሆናሉ።